ሚስቴ ከአምስት ስንት ሰጠችኝ

በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው "ለትዳርህ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ስጥ" ሲባል ምን እንደሚሰማው የማያውቅ ካለ፣ ይኸው እነግረዋለሁ።

የምኖረው ሰበታ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ማታ ማታ ከፋብሪካ ስወጣ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ እንደ አካሄዴ ነው፤ ያነክሳል፣ ግን ይደርሳል። ድሮም እሸመግል ነበር፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ሥራዬ ሽምግልና ሆነ። ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ አንዳንዴም እስከ ሱሉልታ፣ ባልና ሚስት ተጣሉ ሲባል እኔና ሁለት ባልንጀሮቼ እንጠራለን። አንደኛው የእድራችን ዳኛ ነው፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ ብቻ ግማሹ ጠብ ይበርዳል። ሁለተኛው የቡራዩ ገበሬ ነው፤ በኦሮምኛ ይቆጣና በአማርኛ ያባብላል። ሦስታችን ሄደን ሳንመልሳት የቀረች ሴት የለችም። ይህን በየድግሱ ላይ በኩራት ነበር የማወራው።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አንዲት ልጅ የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተከትላ ከግቢዬ ገባች። ጫማዋ ነጭ ነው። በሰበታ ጭቃ ነጭ ጫማ አድርጎ የሚመጣ ሰው ምሁር ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ከዩኒቨርሲቲ ነኝ አለችኝ። ከአርባ ዓመት በላይ አብረው የኖሩ ባልና ሚስቶችን ያነጋግራሉ አሉ።

"የምናጠናው ሰው በትዳሩ ለምን እንደሚጸና ነው፣ አባባ" አለች።

"ለምን ይጸናል?"

"እሱን እኮ ነው የምናጠናው።"

"ገና አላወቃችሁትም?"

"ገና ነን።"

"እኔና ሚስቴ ሳናውቀው አርባ ሰባት ዓመት ኖረናል። እናንተም ቀስ በሉ፣ አትቸኩሉ" አልኳት።

ባልና ሚስት ለየብቻ ነው የሚጠየቁት፤ ደንቡ ነው አለች። እኔን ሳሎን አስቀመጠችኝ፤ ሚስቴ ማድቤት ነበረች። ልጅቷ መጽሐፍ የሚያህል ስልክ ከቦርሳዋ አውጥታ ማንበብ ጀመረች።

"ከፍቅር አጋርዎ ጋር ባለዎት ግንኙነት ምን ያህል ይረካሉ? አንድ ማለት በጭራሽ፣ አምስት ማለት እጅግ በጣም።"

"ከማን ጋር?"

"ከፍቅር አጋርዎ።"

"እንዲህ ያለች ሴት የለችኝም። ያለችኝ ሚስት ናት።"

የጤና ኤክስቴንሽኗ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ምሁሯ ግን ቅም አላላትም።

"የፍቅር አጋርዎ ከአጠገብዎ ሲርቁ ጭንቀት ይሰማዎታል?"

"ምን ያህል ስትርቅ? ወፍጮ ቤት ድረስ?"

"እሺ፣ ለምሳሌ ወፍጮ ቤት።"

"ወፍጮ ቤት ስትሄድማ ደስ ይለኛል። ዱቄት ይዛ ልትመጣ ነዋ።"

ከዚያ ታስረዳኝ ጀመር። ሰው በፍቅር ሦስት ዓይነት ነው አሉ። አንዱ የሚወደው ሰው ዘወር ሲልበት የሚርበተበት ነው፤ አንዱ ሲቀርቡት የሚሸሽ ነው፤ አንዱ ልቡ ያረፈ ነው። ይህም የሚጀምረው በሕፃንነት፣ ከእናት ጉያ ነው።

"ይህንንማ በጥጃ እናውቀዋለን" አልኳት። "እናቱ ትንሽ ስትርቅ ግቢውን በጩኸት የሚያናውጥ ጥጃ አለ፤ ቢጠሩት የሚሸሽ አለ፤ ጥላ ፈልጎ የሚተኛ አለ። ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር።"

ሳቀችና ጻፈችው። እንግዲህ የኔ ጥጃ አሁን የሆነ መጽሐፍ ውስጥ ታስሮ ይኖራል።

"እርስዎ ከሦስቱ የትኛው ነዎት?"

"እኔ የጥጃው ባለቤት ነኝ።"

የመጨረሻው ጥያቄ እንዲህ ነበር፤ ከዚህ ትዳር ውጭ የሚሄዱበት የተሻለ ኑሮ ቢኖር ኖሮ ይሄዱ ነበር? አንድ ማለት በጭራሽ፤ አምስት ማለት ያለ ጥርጥር።

"አንድ ብለሽ ጻፊ።"

"ትንሽ አያስቡበትም?"

"የት ልሄድ? ምሳዬ ያለው እዚህ ነው።"

እኔን በሩብ ሰዓት ጨርሳኝ ወደ ሚስቴ ሄደች። የማድቤቱ በር ተዘጋ። አንድ ሰዓት ሙሉ! መጀመሪያ ሳቅ ሰማሁ፤ የሚስቴ ሳቅ ነው፤ እንዲያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቻለሁ። ቀጥሎ ዝም። ሳቁን ችዬው ነበር፤ ዝምታው ነው ያስነሣኝ። ውኃ የምጠጣ መስዬ ሁለት ጊዜ በበሩ አለፍኩ። ምንም አልሰማሁም።

ልጅቷ ስትወጣ በር ላይ ያዝኳት።

"የመጨረሻውን ጥያቄ ስንት አለች?"

"አባባ፣ መናገር አይቻልም። ምስጢር ነው።"

"እኔ ሽማግሌ ነኝ። በዚህ አገር የባልና ሚስት ምስጢር ያለው እኔ ዘንድ ነው።"

"ቃል ገብቻለሁ።"

"ለማን?"

"ለእሳቸው።"

በቤቴ፣ ለሚስቴ፣ እኔን የሚከለክል ቃል ተገባ። ልጅቷ ግን ክፉ አልነበረችም፤ ፊቴን አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ። ጫማዋ ላይ ያለውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀች፣ "ይኸውልዎት አባባ፣ ብዙ ዓመት አብሮ መኖር ብቻውን ምንም አይነግረንም" አለች። "ወድዶ የቆየ አለ፤ መሄጃ አጥቶ የቆየ አለ። ከውጭ ለሚያያቸው ሁለቱ አንድ ናቸው።" ይህን ብላኝ ባጃጅ ውስጥ ገብታ ሄደች። መድኃኒቱን ሳይሰጥ የበሽታውን ስም ብቻ ነግሮ የሚሄድ ሐኪም አይታችኋል? እንደዚያ።

ነገሩ እንዲሁ የቁጥር ጉዳይ ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር። ግን ሴት ልጃችን ኮዬ ፈጬ የኮንዶሚኒየም ቤት ገብታለች። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን አላት። ከፋሲካ ጀምሮ "እማዬ ትምጣልኝ፤ ክፍሏን አዘጋጅቻለሁ፤ አልጋም ገዝቻለሁ" እያለች በስልክ ትወተውታለች። ለእኔ የተገዛ አልጋ የለም። ሚስቴም እሄዳለሁም አልሄድምም ሳትል ከርማለች። ስለዚህ ልጅቷ "የሚሄዱበት ቢኖር" ስትላት፣ የሚሄዱበት ቦታ አለ፤ አራተኛ ፎቅ፣ ከነአልጋው።

በማግስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሽንብራ ስትለቅም፣ አዙሬ ጠየቅኋት።

"የዚያች ልጅ ጥያቄ ይከብዳል፣ አይደል?"

"ቀላል ነው።"

"ምን አልሻት?"

"የጠየቀችኝን።"

አለቀ። የሰው ሚስት ፊት አፌ እንደ ወፍጮ ነው፤ ያልፈጨው ነገር የለም። የራሴ ሚስት ፊት ግን ድንጋዩ ተሰበረ። "ትሄጂብኛለሽ ወይ?" ብሎ በቀጥታ መጠየቅ እንዴት እንደሆነ አላውቀውም። ወንድ ልጅ ከሴት የሚፈልገው ነገር ሲኖር በራሱ አፍ አይጠይቅም፤ ሰው ይልካል። እኔም የማውቀውን አደረግሁ፤ ሁለቱን ባልንጀሮቼን ወደ ገዛ ሚስቴ ላክኋቸው።

የእድሩ ዳኛ መጀመሪያ የምቀልድ መሰለው። "ተጣልታችኋል?" አለኝ። "አልተጣላንም።" "ታዲያ ምን ብለን እንግባ?" "ለዚያች ልጅ ስንት እንዳለች ጠይቁልኝ።" የቡራዩው ገበሬ ሳቁ እንባ እስኪያወጣው ሳቀና፣ "ኦቦ፣ በዚህ ዕድሜህ ሚስት ልታጭ ነው?" አለኝ፤ አቶ ለማለት ነው ኦቦ የሚለኝ። ሁለቱም ግን እሺ አሉ። ሽምግልና ተጠይቆ እምቢ አይባልም።

ጠያቂው በቦታው አይገኝም ብለው ከቤቴ አስወጡኝ። እሁድ ጠዋት ከማድቤቱ ጀርባ፣ ከጌሾው ሥር፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። ቆርቆሮ ግድግዳ ምስጢር አይይዝም።

ሦስታችንም ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች በማለዳ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ "ቤቶች" ብለው ሲገቡ ምን ይመስላሉ? መርዶ ነጋሪ ነዋ! ሚስቴ ገና ስታያቸው የያዘችውን ሰፌድ ለቀቀችው፤ መውደቁን ሰማሁ።

"ልጄን! ልጄን በሉኝ!"

"ኧረ ማንም አልሞተም!" ይላል ዳኛው።

"ልጄ ምን ሆነች? አትደብቁኝ!"

"ደህና ናት! ሁሉም ደህና ነው!"

ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየጮኸች ደረሰች። ሌላዋ ተከተለቻት። አንዱ "የአባባ ነገር ነው?" ሲል ሰማሁ፤ ስለ እኔ ነው። ባልዲዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ለእኔም ተለቀሰ። መውጣት አልችልም፤ ብወጣ ከጌሾ ሥር ምን ትሠራ ነበር እባላለሁ። ጎረቤቶቹ ተረጋግተው እስኪወጡ ድረስ ብዙ ጊዜ ሄደ።

"እሺ፣ ማንም ካልሞተ በእሁድ ጠዋት ምን ፈለጋችሁ?" አለች ሚስቴ።

"ለሽምግልና ነው የመጣነው።"

"ከማን ጋር ተጣላሁ?"

"አዴ፣ አልተጣላሽም" አለ የቡራዩው፤ እትዬ እንደማለት ነው አዴ ሲላት። "ኦቦ ነው የላከን። ለዚያች ለምትጠይቀው ልጅ ስንት እንዳልሽ ንገሪው ብሎ።"

ሰፌዱን ስታራግፍ ሰማሁ።

"እሱ የት ነው?"

"ወጣ ብሏል።"

"ከጌሾው ሥር ነው፣ አይደል?"



"ተቀመጡ" አለቻቸው። "የዛሬ አርባ ሰባት ዓመት ሱሉልታ፣ አባቴ ቤት፣ ሽማግሌ መጣ። እኔ ማጀት ነበርኩ። እነሱ ጠየቁ፣ አባቴ እሺ አለ፣ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ወደ እኔ ሽማግሌ ሲላክ ዛሬ የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ በደንቡ ነው የምሄደው። ቀጠሮ እሰጣችኋለሁ። ዘመድ ላማክር።"

"የትኛውን ዘመድ?"

"ራሴን። አባቴ ሁለት ሳምንት ነበር የሰጠው፤ እኔም ሁለት ሳምንት።"

እነዚያን ሁለት ሳምንታት ብታዩኝ! አርባ ሰባት ዓመት በአሥራ አራት ቀን ልሸፍን ተነሣሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ "ሥራው" ስትለኝ የነበረውን የሽንት ቤት በር ሠራሁ። ከቧንቧ ውኃ በጄሪካን ተሸክሜ መጣሁ፤ መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ "እትዬ ታመሙ እንዴ?" ይለኛል። ገበያ ሄጄ ጃንጥላ ገዛሁላት። ጃንጥላውን ዘርግታ፣ ዘግታ፣ ፊቴን አየችው።

"ምን ነካህ? ሐኪም የነገረህ ነገር አለ?"

"ምንም።"

"ካለ ንገረኝ።"

ልጄ ስትደውል "አባዬ፣ እማዬ ትመጣለች ወይስ አትመጣም?" አለችኝ። "ቀጠሮ ላይ ነን" አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ።

ቀጠሮው ደረሰ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተመልሰው ገቡ፤ በዚህኛው ጊዜ ጋቢያቸውን ትተው ኮት ለብሰው ነው። እኔ ወደ ባልዲዬ።

"አምስት ነው ያልኳት" አለች ሚስቴ፣ ገና ሳይቀመጡ።

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

"አምስት ማለት እሄድ ነበር ማለት ነው?"

"አዎ። የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ሱሉልታ፣ አባቴ ቤት፣ የገባሁ ጊዜም ላልመለስ ነበር የሄድኩት።" ወደ ቡራዩው ዞረች መሰለኝ። "አንተ ነበርክበት። በጉን እየጎተትክ የመጣኸው አንተ ነህ።"

"እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ አዴ" አለ፤ ድምፁ ቀጠነ።

እሷ ስታነሣው ነው እኔም ትዝ ያለኝ። ሽማግሌ ልኬ በሦስተኛው ቀን አስመልሼያት ነበር። ለምን እንደሄደች ብትጠይቁኝ አላውቅም። ያኔ አልጠየቅኋትም፤ ተመለሰች፣ አለቀ። እኔ የማስታውሰው በጉን ነው። ሰባ ነበር።

"ከአባቴ ጋር ተነጋገራችሁ፤ በግ ታረደ፤ ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ" አለች። "በላችሁ፣ እጃችሁን ታጠባችሁ፣ ልጅሽን እዘዪ ተባልኩ፣ አዘልኩ። ከዚያ ወዲህ ክፉ አላየሁም፤ አልዋሽም። አልመታኝም፤ ጦሜን አላሳደረኝም። ግን ወድጄ ይሁን መሄጃ አጥቼ የኖርኩት፣ ለኔም አይታወቀኝም። አለማወቄን ያወቅሁት ያቺ ልጅ ስትጠይቀኝ ነው። አሁን መሄጃ አለኝ። ነገ ኮዬ ፈጬ እሄዳለሁ። ብመጣ በራሴ እግር እመጣለሁ። የሚመልሰኝ ሰው ግን እንዳይላክብኝ።"

ባልንጀሮቼ ሥራቸውን ጀመሩ። ምን ያድርጉ፤ ሌላ አያውቁም።

"እንግዲህ እህቴ፣ ለልጆችሽ ስትዪ..." አለ ዳኛው።

"ነይ የምትለኝ እኮ ልጄ ናት።"

"ሰውስ ምን ይላል?"

"ሰው ባለፈው ጊዜ አልቅሶ ሄዷል።"

"በዚህ ዕድሜሽ ወዴት ትሄጃለሽ?"

"ኮዬ ፈጬ አልኩህ እኮ።"

ከጌሾው ሥር ሆኜ ሦስቱንም ቆጠርኳቸው። እነዚህ ሦስቱ ናቸው የእኛ ቁልፎች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሰው ቤት በር የቆለፍነው በእነዚህ ነው። ባልንጀሮቼ ይመስክሩብኝ፣ ሌላ አልነበረንም። ስንቷን ሴት "ወዴት ትሄጃለሽ?" ብዬ ጠይቄያለሁ! መልስ ፈልጌ ግን አልነበረም፤ መልስ እንደሌላት ስለማውቅ ነው። ባለ ነጭ ጫማዋ ልጅ መሄጃ አጥቶ የሚቆይ ሰው አለ ያለችው ይኸንን ነው፤ መሄጃው የት እንደጠፋ ለማጥናት ያን ያህል አገር መዞር አልነበረባትም፤ እኔን ብትጠይቀኝ ይበቃ ነበር።

የቡራዩው ገበሬ ብድግ ሲል ሰማሁ። በጓሮ በኩል ወጣ፤ እኔ ወዳለሁበት መጣ። ጎንበስ ብሎ ከእግሬ ሥር እርጥብ ሣር መንጨት ጀመረ። ሣር ይዞ፣ ተንበርክኮ የሚለምን ሽማግሌ በእነሱ ባህል ትልቅ ነገር ነው፤ በእኛም አካባቢ ለሁሉም ይሠራል። ያን ሣር ያየ ሰው እምቢ አይልም፤ ነውር ነው። ሚስቴም ሱሉልታ ነው ያደገችው፤ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

"አይዞህ ኦቦ" አለኝ በሹክሹክታ። "በዚህች እናስቀራታለን።"

እጁን ያዝኩት።

"ጣለው።"

"ምን?"

"ሣሩን ጣለው።"

"አብደሃል? እግሯ ሥር ተንበርክኬ እምቢ ልትለኝ ነው? አታውቃትም?"

"እምቢ እንደማትልህ አውቄ ነው። ጣለው አልኩህ።"

ትንሽ ታገልን። ሁለት ሽማግሌዎች ከጌሾ ሥር ለአንድ ጭብጥ ሣር ስንጓተት ያየን እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ እሱም አይናገርም። በመጨረሻ ጣለው። በሣር ብትቀር፣ ቀረች እንጂ ለምን እንደቀረች ዕድሜዬን ሙሉ አላውቅም ነበር፤ ይህን ለባልንጀራዬ አላስረዳሁትም። ቢገባው ኖሮ ሽማግሌ አይሆንም ነበር። ባዶ እጁን ተመልሶ ገባና፣ "አዴ፣ ነጋን ጅራዱ፣ በደህና ክረሚ" ብሏት ዳኛውን ይዞት ወጣ። እኔም ባልዲዬን ይዤ ገባሁ። ሚስቴ ልብሷን እያጠፈች ነበር። አላየችኝም፤ ወይም አይታኛለች።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዋን በትከሻዬ አድርጌ፣ ለልጇ ያዘጋጀችውን የሽሮና የበርበሬ ፌስታል በእጄ አንጠልጥዬ አብሬያት ወጣሁ። ሴት ወደ ቤቷ ስመልስ እንጂ ጓዟን ተሸክሜ ሳወጣ ያላየኝ ጎረቤት ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰላምታ ሰጠኋቸው። ተራ ደርሶን ወደ ሜክሲኮ የሚሄደው ታክሲ ሲቆም ረዳቱ "አባባ፣ ሁለት ሰው ናችሁ?" አለኝ።

"እሷ ናት የምትሄደው" አልኩት። ፌስታሉን ከእግሯ ሥር አስገባሁላትና፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ፣ ማንንም ሳልልክ፣ በገዛ አፌ፣ "ያኔ ሱሉልታ የሄድሽው ለምን ነበር?" ብዬ ጠየቅኋት።